እናቴ የተላጨችበት ጳጉሜ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሴን እትዬ ኑርጃን ጭን ላይ አድርጌ እተኛ ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፤ የእኛን ግቢ ከእሳቸው ግቢ የሚለየው አንድ ያዘመመ አጥር ብቻ ነው። ባላቸው ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፣ እሳቸው ጸጉር ይሠራሉ። መካነ ሰላም ውስጥ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሙሽራ እሳቸው ፊት ሳትቀመጥ አትዳርም ነበር። እኔ ገና የወተት ጥርሴ መነቃነቅ የጀመረ ልጅ ሆኜ፣ ሙሽራ በዕድሜዋ አንዴ የምታገኘውን በየሳምንቱ አገኝ ነበር።

በእንጨት ሚዷቸው ጸጉሬን ይከፍሉና ከጆሮዬ ኋላና ከማጅራቴ ላይ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ይሰዳሉ። በመሃል ቆም ይላሉ። ከዚያ በሁለቱ አውራ ጣቶቻቸው ጥፍር መካከል አንድ ነገር ቀጭ ይላል፤ እሳቸውም በለሆሳስ “አልሐምዱሊላህ” ይላሉ። እኔ ይህ ሁሉ ዱዓ ይመስለኝ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ያሰብኩትን ክፉ ሐሳብ ከራሴ ላይ እየለቀሙ የሚሰብሩት ይመስለኝ ስለነበር፣ እናቴን ደብቄ ወተት የቀመስኩ እንደሆነ ቅዳሜን እፈራው ነበር።

ዛሬ ደሴ ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። አንዳንድ ጠዋት አንዱ ልጅ ራሱን ሲያክ አይቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስጄ ጸጉሩን ስከፍል እጄ የእትዬ ኑርጃን እጅ ይሆንብኛል። ለካ ይቀምሉኝ ነበር። ቅማልና ቅጫም ይፈልጉብኝ ነበር። ቅማል የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፋቸው አልሰማሁም። ማንም እናት እሳቸው ፊት አንገቷን ደፍታ እንድትቀመጥ ስለማይወዱ፣ ቃሉን በምስጋና ሸፍነውት ኖሯል።

ያ ዓመት ስልሳ ስድስት ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ አድማሴ ከነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳ ወደ ደሴ ወረደ። ወንዝ ሳይሞላ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ወንዙ ቀደመው። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም ተጋመሰ፤ ከማዶ የሚመጣ ሰውም ወሬም ጠፋ። የአባቴ ነገር በተነሳ ቁጥር እናቴ ድንቅነሽ “ወንዙ ይጉደል እንጂ” ትልና ወሬ ትለውጣለች።

አባቴ በመምጣት ፈንታ ሌሎች ሰዎች መጡ። ከወግዲ በኩልና ከአባይ ቆላ፣ ማሳቸው የደረቀባቸውና ከብታቸው ያለቀባቸው ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ዳገቱን ወጡ። ከገበያው ጫፍ ያለው የቆርቆሮ መጋዘን እህል ካጣ ሰንብቶ ነበርና ሰው ገባበት። ከተማው ያለውን ያህል አወጣ፤ ገብስ የሚቆላ ቆላ፣ ንፍሮ የሚያፈላ አፈላ። ያለው ግን ጥቂት ነበር።

እኔ ወደዚያ ዝር እንዳልል ተከለከልኩ። ለምን ብዬ ስጠይቅ “ተስቦ ገብቷል” አሉኝ። ተስቦ ሰው መሰለኝ። ረጅም፣ ካፖርት የለበሰ፣ ከመጋዘኑ በር እንደ ዘበኛ የሚቆም ሰው አድርጌ ሣልኩት። ሴቶች ሲያወሩ “ተስቦ የዚያችን ሴት ሁለት ልጆች ወሰደ” ሲሉ ስሰማ፣ ወዴት ነው የሚወስዳቸው እያልኩ አስብ ነበር። እህል ወዳለበት አገር ይሆናል ብዬ ወሰንኩ። እንዲያውም አንድ ቀን ለእናቴ፣ ተስቦ መንገድ ላይ አባዬን ካገኘው ለምን ይዞት አይመጣም አልኳት። ልትመታኝ እጇን አነሳች። ከዚያ ያንኑ እጇን መልሳ የራሷ አፍ ላይ አደረገችው፤ ሳትመታኝም ቀረች።

ክሊኒኩ ውስጥ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰር ነበር፤ አቶ ብዙነህ ይባላል። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ዝግ ብሎ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ደጃችን ላይ መጣ። ግባ ቢባል አልገባም፤ ከመጋዘን ነው የምመጣው ብሎ ከደጅ ቆመ። እናቴና እትዬ ኑርጃን ወደ እሱ ወጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ የሰማሁት “ዱቄቱ አልቋል” ሲል ነው።

አሳዘነኝ። ጓዳ ገብቼ የገብስ ዱቄት በጣሳ ሞልቼ አመጣሁለት። አቶ ብዙነህ ጣሳውን አየው፣ እኔን አየ። ከዚያ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለና አመሰገነኝ። እናቴ ፊቷን አዞረች። አልቋል ያለው ልብስ ላይ የሚነሰንሰው የቅማል መድኃኒት ዱቄት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አዲሱ ከወንዝ ማዶ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ወገን ቀርቶ ነበር። የእኔን ጣሳ ይዞት ሄዶ ለመጋዘኑ ልጆች አጥሚት እንዳሠራበት እናቴ ኋላ ነገረችኝ።

ያን ጠዋት የነገራቸው ይህ ነበር። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው ቅማል ነው፤ ስለዚህ ልብሱ ሁሉ በፈላ ውሃ መቀቀል አለበት። የልጆቹ ራስ ደግሞ በማከክ ቆስሎ መግል ይዟል፤ እንቅልፍ የላቸውም፣ የተሰጣቸውንም ምግብ በወግ አይበሉም። ቁስል የሌለበትን ራስ በሚዶ ማጽዳት ይቻላል። የቆሰለው ግን መላጨት አለበት። ለእሱ ደግሞ አንዲት እናት እንኳ ልጇን አልሰጠችውም። የራስ ቅማል ተስቦን እንደ ልብሱ እንደማያዛምት አሁን አንብቤ አውቃለሁ፤ በዚያ ክረምት ግን ይኼኛው ይቅደም ያኛው ይቅር የሚባልበት ጊዜ አልነበረም።

እትዬ ኑርጃን ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው መቀሳቸውንና ምላጫቸውን ይዘው ወጡ። እናቴም ነጠላዋን ለብሳ ተከተለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ይሄዱ ነበር። ማታ ሲመለሱ እናቴ ቤት ሳትገባ ከግቢው ጥግ ቆማ ልብሷን ትለውጣለች፤ የለበሰችውን ውሃ ውስጥ ትነክራለች። ያን ሳታደርግ ልቅፋት ብሮጥ “ቁሚ!” ትለኛለች። ተስቦ የሚባለው ሰውዬ ከእናቴ እንዳቆራረጠኝ ገባኝ፤ ጠላሁት።

ከጳጉሜ ቀናት በአንዱ ተከትያቸው ሄድኩ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ከጎኑ ተቀድዶ ነበር፤ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አስጠጋሁ። በመጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ እርጥብ ጨርቅ፣ ጭስና ሳይታጠብ የሰነበተ ጸጉር። ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ ዓይን አየኝ። እንደ እኔ ያለች ልጅ ነበረች፤ ኋላ ረምዚያ እንደምትባል አወቅሁ። አንድ እጇ ከጸጉሯ አይወጣም። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከጆሮዋ ኋላ ግን ቆስሎ ዝንብ ያረፈበት ቦታ ነበር። ሳታክክ አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየችም። እናቷ ሀሊማ ከኋላዋ ተቀምጣ፣ ሊነጥቋት እንደመጡ ሁሉ በሁለት ክንዷ ይዛታለች።

እናቴና እትዬ ኑርጃን ከሀሊማ ፊት ቆመው ያወሩ ነበር። ሀሊማ ራሷን እየነቀነቀች መለሰች። በዚህ መካከል ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከአፋቸው የሚወጣውን ሁሉ ዋጠው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃል አልሰማም። ሀሊማ አንድ ነገር ተናግራ በእጇ ወደ መንገዱ አመለከተች። የእናቴም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሻሿን ፈታች።

የእናቴ ጸጉር በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሹሩባው ሲፈታ ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል። አባቴ ከመንገድ በገባ ቁጥር ከኮርቻው ከረጢት መጀመሪያ የሚያወጣው ለጸጉሯ ያመጣላትን ነበር፤ አንዴ ሚዶ፣ አንዴ ሻሽ። አሁን መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሷን ለእትዬ ኑርጃን ሰጠች። እትዬ ኑርጃን እጃቸውን አነሱ፤ አመነቱ። እናቴ ቀና ብላ አንድ ቃል አለቻቸው። መቀሱ ገባ። ሹሩባው ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ምላጩ ተከተለ።

እኔ የማውቃት የተላጨች ሴት አንድ ዓይነት ብቻ ናት። የጎረቤታችን ባል የሞተ ጊዜ ሚስቱ ስትላጭ አይቻለሁ። ልጆች ይላጫሉ፤ ቢላጩም ለወንዱ ቁንጮ፣ ለሴቷ ጋሜ ይቀራል። ትልቅ ሴት ራሷን ሙልጭ አድርጋ የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። እናቴ ደግሞ መንገድ ላይ ያለባት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዝናቡን ሳላየው ሮጥኩ። ደጃችን ላይ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ ወይዘሮ እታገኘሁ አገኙኝ። ከታች ያለው ቤት የእሳቸው ነው፤ ልባቸው ሩኅሩኅ፣ እንባቸውም ቅርብ የሆነ ሴት ነበሩ። ምን ሆንሽ ቢሉኝ “እማዬ ጸጉሯን ተላጨች” አልኳቸው። የት ሆና አሉኝ፤ መጋዘኑ ውስጥ አልኩ። ወይዘሮ እታገኘሁ ነገሩን በራሳቸው ገጣጠሙት። ከተሰደዱት አንዱ ከደሴ መንገድ ወሬ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የአባቴን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ያን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ዝናቡ ሳያባራ ግቢያችን ሰው ሞላው። ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሴቶቹ የአባቴን ቸርነት፣ የበቅሎውን አነዳድና ሳቁን እያነሱ አለቀሱለት። እኔን ከአንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ያሻግሩኝ ነበር። አባቴ እንዲህ የተወደደ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

እናቴና እትዬ ኑርጃን ሲመለሱ ለቅሶው ደርቶ ነበር።

እናቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆመች። የሞላውን ሰው፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ባሏን መንገድ ላይ ላስቀረች ሴት እንዲህ ያለ ግቢ ሌላ ትርጉም የለውም፤ መርዶ ነው። እኛ ታውቃለች ብለን ስናለቅስ፣ እሷ ከእኛ ሰማች። እትዬ ኑርጃን በብብቷ ይዘው አቆሟት።

“ማን ነው ያመጣው?” አለች። “የት ላይ ነው አሉ?”

ወይዘሮ እታገኘሁ ለቅሷቸውን ገቱ። “ካንቺ እኮ ነው የሰማነው፣ ድንቄ።”

“ከእኔ?”

“ጸጉርሽን ተላጭተሽ...”

እናቴ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። መላጨቷን ረስታው ነበር። እጇ ባዶውን ራሷን ሲነካ ሁሉም ነገር ገባትና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እትዬ ኑርጃን ሻሻቸውን ከራሳቸው ሳብ አደረጉት፤ እሳቸውም ተላጭተዋል።

እናቴ እንደተቀመጠች ተናገረች። ዝናቡ ከእኔ የደበቀውን ያን ጊዜ ሰማሁ። ሀሊማ እንዲህ ብላት ነበር፦ “ባሌን መንገድ ላይ ትቼ ነው የመጣሁ። የልጄን ራስ ሙልጭ አድርጌ ብላጭ፣ ሞቱን በእጄ ጠራሁት ማለት አይደለም?” የሌሎቹም እናቶች ፍርሃት ይኸው ነበር። የወንዶቹን ቁንጮ ማንሳት ሟርት ነው፤ የሴቶቹን መላጨት ለቅሶ መጥራት ነው። እናቴም ለሀሊማ መለሰችላት፦ “የእኔም ባል መንገድ ላይ ነው።” ከዚያ በኋላ ነው ሻሿን የፈታችው። እትዬ ኑርጃን ሲያመነቱ ያለቻቸው አንድ ቃልም “ላጩኝ” የሚል ነበር።

“ልጇን ሰጠችን” ብላ ጨረሰች። “ሌሎቹም እየተከተሉ ሰጡን።”

አሁን እናቴ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌ ሳስበው፣ እናቴ ሟርት አትፈራም ነበር ለማለት አልችልም። ትፈራ ነበር። እሑድ ልብስ የማትሰፋ፣ ጉጉት ሲጮህ የምታማትብ ሴት ናት። አባቴን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ትወደዋለች። ያን ዕለት ከምላጩ በታች ያስቀመጠችው ጸጉሯን ብቻ አልነበረም።

ወይዘሮ እታገኘሁ ግን ደንግጠው ነበር። ሰውዬውን በቁሙ አለቀስንበት፣ ምን ጉድ አመጣን እያሉ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዳንዱም አጉረመረመ። እትዬ ኑርጃን ወደ መሃል ወጡ።

“አብሽሩ” አሉ። “ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል። አሁን ለሞተ ልታለቅሱ ከመጣችሁ አይቀር፣ ላልሞቱት ውሃ አፍሉልን። ድስት የለንም። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ልብሱ ሲቀቀል የሚለብሰው ሌላ የለውም።”

መጀመሪያ የተነሱት ወይዘሮ እታገኘሁ ናቸው። ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱና አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። የተቀየሙ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ለድግስ የሚያወጡትን ትልቁን ጎላ ሁለት ሰው አሸክመው፣ በብብታቸው የራሳቸውን ቀሚሶችና የሟች ባላቸውን ጋቢ ይዘው ነበር። ያ ጋቢ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም ይባል ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነው እንደ ድግስ ሆኖ ነው የሚታወሰኝ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ጎላ በሦስት ጉልቻ ተደረደረ። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው። ሴቶቹ ልብሱን በረጅም እንጨት እያገላበጡ ይቀቅላሉ፤ ወንዶቹ ውሃ ያመላልሳሉ። ዝናብ ሲመጣ የተቀቀለውን ይዘው ከእሳት ዳር ያደርቃሉ። የከተማው ቀሚስና ጋቢ እየዞረ የማያውቀውን ሰው አለበሰ፤ ሲመለስ እሱም ጎላ ይገባል። ወይዘሮ እታገኘሁ የልጆቹን ራስ በላምባ እንቀባው ብለው ነበር። አቶ ብዙነህ ይኸ ሁሉ እሳት ባለበት አይሆንም፣ ላምባው ቁስሉንም ያቃጥላቸዋል ሲል ነገራቸው፤ እሳቸውም ተስማሙ። ቁስል የሌለባቸውን ልጆች ጸጉር እያረጠቡ በሚዶ ማበጠሩን ያዙ፤ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥተኛ እሳቸው ሆኑ። ከሳምንት በኋላም ያንኑ ልጅ መልሰው ያስቀምጡታል፤ የቀረው ቅጫም ተፈልፍሎ ይሆናልና።

እኔም ተላጨሁ። ከጆሮዬ ኋላ ተገኝቶብኝ ነበር መሰለኝ፤ እትዬ ኑርጃን ግን የነገሩኝ “ለረምዚያ ጓደኛ እንድትሆኛት” ብለው ነው። ሁለታችን ባዶ ራሳችንን እያነካካን ስንስቅ ዋልን። የረምዚያ ቁስል ቅባት ተቀብቶ ደረቀ። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መተኛት ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሃል፣ አፏን ከፍታ ተኛች። እናቷ ከጎኗ ተቀምጣ ዝንብ ስታባርርላት አየሁ።

እትዬ ኑርጃን ከአሮጌ ጨርቅ ለእያንዳንዱ ልጅ ቆብ ሰፉ። የእኔን ሲሰጡኝ “ይኸ የራስሽ ነው፤ ለማንም እንዳታውሺ፣ የማንንም እንዳትዋሺ” አሉኝ። ገረመኝ። ዳቦ ቢሆን ቆርሰሽ ስጪ የሚሉ ሴት በቆብ ሰሰቱ ብዬ ታዘብኳቸው። ዛሬ እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው፤ ዳቦ ተካፈሉ፣ ቆብና ማበጠሪያ ግን አትዋዋሱ። አንዳንድ እናት አፍራ በሹክሹክታ ስታናግረኝ፣ ቅማል የንጹሕም የቆሻሻም ቤት ልጅ እንደማይመርጥ፣ ልጆች ራስ ለራስ ገጥመው ሲጫወቱ እንደሚሻገር፣ ሐፍረቱ ግን መድኃኒቱን እንደሚያዘገይ እነግራታለሁ። ይህንን ያስተማረኝ ኮሌጅ ብቻ አይደለም።

በዚሁ ሰሞን ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ንጉሡ ወረዱ” ይባባሉ ጀመር። ንጉሡ የሚባል ጨው ነጋዴ ጎረቤት ነበረን፤ ወደ አባይ ቆላ ሲወርድ ሲወጣ የሚኖር ሰው ነው። ወረደ ተብሎ ይህን ያህል የሚወራለት፣ አንቱ የሚባልለትም ምን ስላደረገ ነው ብዬ ተደነቅሁ። አገሩ ተገልብጦ እኔ የማውቀው ጎላውን ብቻ ነበር።

ተስቦ ጨርሶ አልቆመም። አሮጊቶችና ሕፃናት ሞተዋል፤ አቶ ብዙነህም ታሞ ሰንብቶ ነው የተነሳ። ነገር ግን ልብሱ ከተቀቀለ ወዲህ ከመጋዘኑ የሚወጣው ቃሬዛ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። የሀሊማ ባል ግን አልመጣም። ሞቱን የሚያውቅ ሰው የመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ቀኑ ሲቆጠር ከምላጩ በፊት ሞቶ ነበር። ሴቶቹ ሊያለቅሱ ሲገቡ እናቴ ዓይኗን ማንሳት አቅቷት ነበር። ሀሊማ በሰው ፊት ጠርታት አጠገቧ አስቀመጠቻትና “ምላጩ የሱን ሞት አልጠራም፤ የልጄን ነው የመለሰ” አለች። ረምዚያ ዛሬ የልጅ ልጅ አላት።

አባቴ የመጣው በመስቀል ሰሞን ነው። ወንዙ እንደጎደለ ከነጋዴዎቹ ተለይቶ፣ በቅሎዎቹን ለባልደረቦቹ ትቶ፣ በእግሩ ቀድሞ መጣ። ከከተማው በታች ከገበያ የሚመለስ ሰው አግኝቶ ስለ ቤቱ ጠየቀው። ሰውየው የሩቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ድንቅነሽ መላጨቷን ብቻ ነበር፤ እሱኑ ነገረው። አባቴ ለማን ብሎ አልጠየቀም። ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን። እሱ አልሞተም፤ የተላጨችው እሷ ናት። ለለቅሶው የቀረሁት እኔ ነኝ።

ያን ዳገት እንዴት እንደወጣው ሲያረጅም አውርቶልን አያውቅም።

እናቴ ግቢ ውስጥ እሳት አንድዳ ልብስ ትቀቅል ነበር። ከአጥሩ በር ላይ ሰው ቆመ። ጺሙ አድጓል፣ ልብሱ ከመንገዱ አፈር ጋር ተመሳስሏል። እኔ ከቤቱ ኋላ ስወጣ አየኝ፤ አላወቀኝም። በተላጨ ራሷ ላይ የጨርቅ ቆብ ያደረገች የሌላ ሰው ልጅ መሰልኩት። ዓይኑ አልፎኝ ሄዶ ቤቱን፣ ጓሮውን ፈለገ።

“አባዬ” አልኩት።

በጉልበቱ ወደቀ። ሁለት እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔም ሮጥኩ።

“ቁሚ!” አለች እናቴ። እኔም እሱም ባለንበት ደረቅን። “አንተም እዚያው ቁም። ከመንገድ ነው የመጣኸው። ልብስህን አውልቅ፤ ራስህ ይታይ። ከዚያ ታቅፋታለህ።”

በመዘግየቱ ተቆጥታው መሰለኝ፤ ለአባቴ አዘንኩለት። እሱ ግን እንደ ልጅ ታዘዘ። ከአጥሩ ኋላ ሄዶ ልብሱን አወለቀና የእናቴን ጋቢ ተከናንቦ መጣ። እትዬ ኑርጃን ተጠርተው መጡ፤ ጸጉሩን ከፍለው ከጆሮው ኋላ አዩና “ቢስሚላህ” ብለው ምላጩን ያዙ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በቁሙ ያለቀሰለትን ሰው ሲላጭ አየ። ወይዘሮ እታገኘሁ ሲያዩት እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። እትዬ ኑርጃን ሲጨርሱ አባቴ አነሳኝ፤ የተላጨ ራሱን የተላጨ ራሴ ላይ አስደገፈ።

እናቴ ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ የመንገድ ልብሱን በጎላው ውስጥ ታገላብጥ ነበር። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አይቼ ምን ሆንሽ አልኳት።

“ጭሱ ነው” አለችኝ።

እኔም አመንኳት። እሳቱ ግን ፍም ሆኖ ነበር፤ ጭስ አልነበረውም።